የሚሄደውን ነው የቆመውን?

የተማሪ ዕረፍት ከሁለት አንዱ ነው። ወይ እናት ቤት ገብቶ ገንፎ በቅቤ እየበሉ መተኛት ነው፤ ወይ ኪስን ሳያማክሩ አገር ለማየት መነሣት ነው። እኛ ሦስት ነን። ሁለታችን ታሪክ፣ አንዳችን ሥነ ጽሑፍ እንማራለን። በዘንድሮው የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሁለተኛውን መረጥን። ከሦስታችን አንዱ የድሬዳዋ ልጅ ስለሆነ ማደሪያና ምሳ አላሳሰበንም፤ ድሬ ደግሞ እንግዳ ሳይጠግብ ከተነሣ ባለቤቱ የሚቀየምባት ከተማ ናት።

የሄድንበት ጉዳይ ነበረን። ነገሩ የተጀመረው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ስለ ትንንሽ ባቡሮች የሚያወራ አንድ የውጭ አገር መጽሔት እጃችን ገባና ሳምንቱን ሙሉ ስንሻማበት ከረምን። በጀርመን አገር፣ ጎፒንገን በምትባል ከተማ፣ መርክሊን የሚባል ፋብሪካ አለ። እ.ኤ.አ. በ1859 ሲመሠረት ሥራው ለሕፃናት ዕቃ ዕቃ የሚሆን የቆርቆሮ ድስትና ሳህን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1891 ግን ላይፕዚክ ገበያ ላይ እንደ ሰዓት በቁልፍ የሚሞላ ባቡር፣ እየተገጣጠመ ከሚዘረጋ ሐዲድ ጋር ይዞ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከልጆች እጅ ወጥቶ የአዋቂዎች ፍቅር ሆነ። ሐምቡርግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተ አንድ አዳራሽ አለ፤ ተራራው፣ ከተማው፣ ባቡሩ ሁሉ በትንሹ ተሠርቶ ይታይበታል፤ ሰውም ከየአገሩ ሊያየው ይመጣል። በዚያ በኩል ለዕረፍት የሚወጣ የባቡር ወዳጅ በየደረሰበት ከተማ ሁለት ነገር ይጠይቃል አሉ፤ አንደኛ፣ የሚታይ አሮጌ ባቡር የት አለ? ሁለተኛ፣ የትንንሽ ባቡር ሱቅ የት ነው?

በብዛት የሚሠራው ትንሽ ባቡር እውነተኛው በ87 ተካፍሎ ነው። ይህን ስናነብ እርሳስ አነሣን። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የነበረው የቀድሞው ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ነው። በ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ለገሃር ደርሶ የመመለስ ያህል ግድም መሆኑ ነው። ከባሕር ጠረፍ እስከ አዲስ አበባ ያለው ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ እሱም ሲካፈል አንድ የስምንት ፎቅ ሕንፃ ያህል ይሆናል። ሐዲዱ በሁለቱ ብረቶች መካከል ስፋቱ ልክ አንድ ሜትር ነው፤ በ87 ሲካፈል ከ12 ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ የትንሽ ጣት ስፋት ያህል ነው። ቅድመ አያቶቻችን 20 ዓመት የለፉበት ሥራ በትንሹ ሲታሰብ እንዲህ ይመስላል። ሥሌቱ ሲያልቅ ሦስታችንም ዝም አልን።

«እንግዲያው የባቡር ከተማ የምትባለው ድሬዳዋ ባቡሯን በትንሹ ሠርታ ካልሸጠች ማን ሊሸጥልን ነው?» ተባባልን። ለመኝታ ክፍላችን መስኮት የምትሆን አንዲት ባቡር ገዝተን ለመመለስ ቆርጠን ተነሣን።

የሄድነው በአዲሱ ባቡር ነው። ይኼ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው፣ ሐዲዱም ከአንድ ሜትር ከ43 የሚሰፋው ነው። ጧት ለቡ ተሳፍረን ከሰዓት በኋላ ድሬ ገባን። አያጨስም፣ ብዙም አያነቃንቅም፤ ስለ እሱ የምናሰማው ስሞታ የለንም። ነገር ግን መስኮት አጠገብ ለተቀመጠ ሰው አንዳንድ ቦታ ላይ አሮጌው ሐዲድ ከእሾሁ መካከል ብቅ ይልና ተመልሶ ይጠፋል። የድሬው ልጅ ባየው ቁጥር በጣቱ ያሳየን ነበር። የአሮጌውን መስመር ጣቢያዎች እንደ ጸሎት በቃሉ ይዟቸዋል፦ አዋሽ፣ አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ቢኬ፣ ጎታ፣ ኤረር፣ ሁርሶ፣ ድሬዳዋ። ከድሬ ወዲያ ደግሞ ሺኒሌ፣ ሐረዋ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ። «ከየት ተማርከው?» ስንለው፣ «አባቴ ሲያስተኛኝ ተረት አያውቅም ነበር፤ ይኼን ነበር የሚነግረኝ» አለ።

አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ነው፤ በባጃጅ ይገባል። አሮጌው ግን መሀል ከተማ ነው፤ ከተማዋ የበቀለችውም በእሱ ዙሪያ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ታሪክ ግድ ይሆናል፤ የታሪክ ተማሪዎች መሆናችን ይታወቅልን። ዳግማዊ ምኒልክ ሐዲዱ እንዲዘረጋ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሊዎን ሸፍኔ ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረር እንዲገባ ነበር። ነገር ግን ሐረር ተራራ ላይ ናት፤ ባቡር ደግሞ ዳገት አይወድም። ስለዚህ ሐዲዱ ተራራውን ትቶ በግርጌው ባለው ሜዳ መጣ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚያ ሜዳ ሲደርስ ጣቢያ ተሠራ፤ ቦታውም አዲስ ሐረር ተባለ። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፤ መንግሥታቱም ሲነታረኩበት ሥራው ቆመና ድሬዳዋ ለዓመታት የሐዲዱ ጫፍ ሆና ቀረች። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ግን መጠገኛ ጋራዡም፣ መጋዘኑም፣ የግሪኩም፣ የዓረቡም፣ የአርመኑም፣ የህንዱም ሱቅ ድሬ ላይ ተተክሎ ነበር። ከደቻቱ ወዲህ ጎዳናው በገመድ የተቀየሰ የሚመስለው ከዚራ፣ ከደቻቱ ወዲያ መጋላ። ለገሃር የምንለውም የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፤ ጣቢያው ማለት ነው። ፉርጎም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው። እንግዲህ ይህች ከተማ ከመንገዷ እስከ ቃሏ የባቡር ልጅ ናት።

በማግሥቱ ጧት ፈጢራ በማር በልተን ፍለጋ ወጣን። መጀመሪያ ታይዋን ገባን። ታይዋን ማለት ከልብስ እስከ ስልክ የማይሸጥበት የሌለ የድሬ ገበያ ነው። አንዱ ባለሱቅ «የባቡር መጫወቻ አለ?» ስንለው ከላይ አንድ ካርቶን አውርዶ አቧራውን እፍ አለበት። ውስጡ ቀይና ቢጫ የላስቲክ ባቡር አለ፤ ባትሪ ሲገባለት ክብ ሐዲድ ላይ እየዞረ ይዘፍናል።

«ይኼ የቻይና ነው፤ እኛ የምንፈልገው የድሬዳዋን ባቡር ነው» አልነው።

«አቦ! አሁን የድሬዳዋውስ ባቡር የቻይና ሥራ አይደል እንዴ?» አለን።

መልስ አጥተን ወጣን። ከታይዋን ቀፊራ፣ ከቀፊራ አሸዋ ተሻገርን። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ቆማ ታዘበችን። በመጨረሻ ለቱሪስት የሚሆን ዕቃ የሚሸጥበት አንድ ሱቅ አገኘን። የእንጨት ግመል አለ፤ የሐረር ስፌት አለ፤ ጀበና አለ፤ የፋሲል ግንብ እንኳ በሸክላ ተሠርቶ ጎንደርን ለቆ እዚያ ድረስ መጥቷል።

«ባቡርስ?» አልን።

«ባቡር ማን ይገዛል? እኔ ጋ የሚሄደው ግመል ነው» አለችን ባለሱቋ።

የሚሄደው ያለችው የሚሸጠውን ነው። ነገር ግን ልብ በሉልን። ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ከባሕሩ እስከ ሐረር ዕቃ የሚያመላልሰው የግመል ቅፍለት ነበር፤ ባቡሩ መጥቶ ይህን ሥራ ነጠቀው። ዛሬ ሱቁ መደርደሪያ ላይ ግመሉ አለ፤ ባቡሩ የለም።

በሦስተኛው ቀን፣ ተስፋ ቆርጠን ሳምቡሳ እየበላን በደቻቱ ዳር ስናልፍ፣ አንድ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ማዳበሪያ አንጥፎ ዕቃ ዘርግቶ አየን። ዕቃው ከዘይት ቆርቆሮና ከሽቦ የተሠራ መኪና ነው። ባጃጅ አለ፣ አይሱዙ አለ፣ ሲኖትራክ አለ። መሪያቸው ይዞራል፤ በራቸው ይከፈታል። የአይሱዙው ጭነት ሳይቀር በሲባጎ ታስሯል። መርክሊንም የጀመረው በቆርቆሮ ነውና ሦስታችንም ቁጢጥ አልን።

«ባቡር መሥራት ትችላለህ?»

«የሚሄደውን ነው የቆመውን?»

«የቆመውን።»

«የቆመ ነገር ምን ያደርግላችኋል? ባጃጅ ውሰዱ።»

ልጁ ልክ ነው። ከአዲስ አበባ ይመጣ የነበረው አሮጌው ባቡር ከቆመ፣ ከ2000 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ፣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ድሬን ከጅቡቲ ጠረፍ የሚያገናኘው ክፍልም አንዴ ሲቆም አንዴ ሲነሣ ነው የከረመው። ልጁ ሲወለድ አሮጌው ባቡር ለእሱ እንደ ተራራው ያለ ነገር ነበር፤ አለ፣ ግን አይንቀሳቀስም። ልጅ ደግሞ የሚሠራው ሲሄድ ያየውን ነው። እኛም በልጅነታችን የሠራነው የሰፈራችንን አውቶቡስ ነበር።

ብንለማመጠው ጊዜ ተስማማ። «ስንት ጎማ አለው?» ሲል ጠየቀ። ሦስታችን ተያየን። ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡበትን ዓመት እናውቃለን፤ ለጎማው ቁጥር ግን የሚያውቅ ሰው ዘንድ መሄድ ነበረብን። የሚያውቀው ሰው ደግሞ ሦስት ሌሊት ያደርንበት ቤት ባለቤት ነው።

የጓደኛችን አባት በምድር ባቡሩ ጋራዥ ከ30 ዓመት በላይ በቶርኖ ሠራተኝነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ፈረንሳይኛ ያስገባሉ፤ ማንም አልተቸገረም። እንደ ደረስን «እንደምን አመሹ?» ስንላቸው ዞር ብለው ኋላቸውን አዩና፣ «አንቱ የምትሉት ማንን ነው? ከኋላዬ ሰው አለ እንዴ?» አሉን። ድሬ ውስጥ ልጅም አባቱን አንተ ይላል። እኛ ግን የለመደብን ነውና፣ እሳቸው ባይወዱትም፣ በጽሑፍም አንቱ ማለታችንን አልተውንም።

እኒህ ሰው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጋራዡን ረግጠው አያውቁም። ቤታቸው ከጣቢያው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ልጃቸው «እንሂድ» ሲላቸው እሺ ብለው አያውቁም ነበር። ያን ቀን ማታ ስለ ቆርቆሮ ሠሪው ልጅ ስንነግራቸው ግን ሣቅ አሉና፣ «ጎማ አለ? ጎማማ ላስቲክ ነው፤ የባቡር እግር ብረት ነው። ነገ ጧት ይዛችሁት ኑ» አሉ።

በማግሥቱ ተሰባሰብን። አባባ ንጹሕ ሽርጥ ታጥቀው፣ ከላይ ኮት ደርበው፣ በአንድ እጃቸው አሮጌ ጨርቅ፣ በሌላው ክዳን ያላት ትንሽ ጣሳ ይዘዋል። «ጣሳው ምንድነው?» አልናቸው።

«ግራሶ ነው። የታመመ ሊጠይቁ ባዶ እጅ አይኬድም» አሉ።

አስፈቅደን፣ የመግቢያውን ከፍለን ገባን። ዘበኛው አባባን ሲያይ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቃቀፉ፤ ለተወሰነ ጊዜ እኛን የሚያስታውሰን ሰው አልነበረም። ውስጡ የሚታየውን ነገር ድሬ ለምትሄዱ ሁሉ አደራ እንላለን፤ ከተማዋ ውስጥ እንደዚህ ያለ የሚታይ ነገር ያለ አይመስለንም። የፈረንሳይ ፋብሪካ ስም በብረታቸው ላይ የተቀረጸባቸው ቶርኖዎችና መብሻዎች በረድፍ ቆመዋል። ግቢው ውስጥ የአልስቶም ሥራ የሆኑ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች፣ የቀለማቸው ነገር የማይነሣ ፉርጎዎች፣ በጣሊያን ጊዜ የመጣችው የፊያት ሥራ ሊቶሪናም አለች። ሊቶሪና ማለት ሞተሯ ከራሷ ጋር ያለ፣ ለብቻዋ የምትሄድ የሰው ባቡር ናት። አፍንጫዋ ድቡልቡል ነው፤ የፊቷ መስኮቶች የተገረመች ያስመስሏታል።

አባባ አንድ ሎኮሞቲቭ አጠገብ ሄደው ቆሙና ልጁን ጠሩት። «ቁጠር» አሉት። ቆጠረ። በፊት በኩል አራት፣ በኋላ በኩል አራት፣ ድምር ስምንት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የአንዱን እግር ጠርዝ በጨርቁ ጠረጉና ጣታቸውን አስኬዱበት።

«ይኼን እይ። ልሙጥ መሰለህ? አይደለም። ወደ ውጭ ሾጠጥ ይላል። መታጠፊያ ላይ ባቡሩን መሀል ለመሀል የሚይዘው ይኼ ነው። ይኼ ከውስጥ በኩል የወጣው ከንፈር ደግሞ ከሐዲዱ እንዳይወርድ ነው። ብዙ ሲሄድ ይበላል፤ ሲበላ ወደ እኔ ያመጡታል፤ እኔ ቶርኖ ላይ አስሬ ቅርጹን እመልስለታለሁ። ሥራዬ ይኼ ነበር።»

ልጁ ጥቂት አሰበና፣ «ቆርኪ ነው!» አለ።

በእርግጥም የለስላሳ ቆርኪ ከንፈር አለው። አባባ ከልባቸው ሳቁ። 30 ዓመት ሙሉ ቆርኪ ሲጠግኑ እንደኖሩ ያን ቀን አወቁ።

መለካት ተጀመረ። ልጁ ሜትር የለውም፤ ያለው ሲባጎ ነው። ርዝመቱን፣ ቁመቱን፣ ከእግር እስከ እግር ያለውን ርቀት በሲባጎ እየያዘ ይቋጥራል። አባባ ጠመኔ ይዘው ሲሚንቶው ላይ ያሰላሉ። ልጁ ሐዲዱን አምስት ሳንቲ ሜትር አደርገዋለሁ አለ። እንግዲያው አንድ ሜትሩ አምስት ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሁሉም ነገር በሃያ ይካፈላል፤ ቋጠሮው ሁሉ በሃያ ተካፈለ። እኛም እየተጋገዝን ያዝን፣ ጻፍን። ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንድ ጡረተኛና አንድ ቆርቆሮ ሠሪ በአንድ ሎኮሞቲቭ ሥር ተንበርክከን ከቀትር በፊት ያለውን ጊዜ ሁሉ ጨረስን። መጨረሻ ላይ አባባ ጣሳቸውን ከፍተው የሊቶሪናዋን የበር ማጠፊያ ግራሶ ቀቡት፤ ወዲያ ወዲህ ሲያደርጉት ጩኸቱን ተወ። «ይበቃል» አሉ።

ማታ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ሆጃ እየጠጣን ያነበብነውን ነገርናቸው። ህንድ አገር ዳርጂሊንግ በምትባል ተራራማ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1881 የተሠራ፣ ሐዲዱ ከድሬው እንኳ የሚጠብ፣ 61 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚሰፋ ባቡር አለ። ሰዉ የአሻንጉሊት ባቡር ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው፤ ቱሪስት ሊሳፈርበት ይሄዳል። የኤርትራውንም ነገርናቸው። ከምጽዋ አስመራ የሚወጣው ባቡር በጦርነቱ ዘመን ቆሞ፣ ሐዲዱም ተነቅሎ ለምሽግ ሥራ ውሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው መጡና ሐዲዱን መልሰው አነጠፉት፤ አሮጌዎቹን የእንፋሎት ባቡሮች አስነሡ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራው አስመራ ደረሰ።

«ስንት ዓመታቸው ነበር ሰዎቹ?» አሉ አባባ።

«ስድሳም ሰባም ያለፋቸው ነበሩባቸው።»

«እኔ 74 ነኝ» አሉ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ተጨዋወትን።

ባቡሩ በአራተኛው ቀን መጣልን። ርዝመቱ ክንድ አልፎ ይሄዳል። ስምንት የቆርኪ እግር አለው፤ ከንፈራቸውም ወደ ውስጥ ነው። የተገኘው ቀለም የባጃጅ ብቻ ስለነበር ሰማያዊ ነው። ከሽቦ የተሠራ አንድ ክንድ ሐዲድም አብሮ አለ። ሦስታችን በደስታ ጮኽን። አባባ ግን መነጽራቸውን አድርገው ዙሪያውን አገላብጠው ካዩት በኋላ፣ «ፍሬኑ የታለ?» አሉ።

«የቆመ አይደለም እንዴ? ፍሬን ምን ያደርግለታል?» አለ ልጁ።

አባባ ቶሎ አልመለሱለትም። በኋላ የነገሩን እንዲህ ነው። በጥር 1977 ዓ.ም. አንድ ባቡር አዋሽ አጠገብ ጠመዝማዛው ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ደረሰ። ፉርጎዎቹ ከሐዲዱ ወጥተው ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። እስከዚያን ጊዜ በአፍሪካ ምድር በባቡር እንዲህ ያለ አደጋ አልደረሰም ነበር። «ጓደኛዬ ነበረበት» አሉ አባባ፤ ስሙን አልጠሩልንም። ስለ ጦርነቱ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ድልድይ እየፈረሰ ባቡሩ ለወራት ስለቆመበት ጊዜ፣ ሲያወሩ ድምፃቸው ደህና ነበር። አዋሽ ላይ ሲደርሱ ግን ጨርቃቸውን ያጣጥፉ ጀመር። «ባቡር ሲቆም አያስፈራም፤ ይጠገናል። የሚያስፈራው ቁም ሲሉት እምቢ ያለ ጊዜ ነው» አሉና ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው ፍሬኑ ከሞተሩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ በአንድ ቱቦ እንዴት እንደሚያያዝ፣ አንድ ፉርጎ ቢበጠስ ሁሉም በራሱ ለምን እንደሚይዝ በሽቦ እየቀረጹ አሳዩት። አንድ ሰዓት ግድም ፈጀ። ልጁ አንድም ጊዜ ዓይኑን አላነሣም።

ከዚህ በኋላ ነው የሄድንበት ጉዳይ ምን እንደነበረ የገባን። ትንሽ ባቡር ለመሥራት ትልቁን መለካት ያስፈልጋል። ለመለካት መቅረብ፣ ለመቅረብ ደግሞ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ሱቆቹ ውስጥ ባቡሩን ያጣነው ገዢ ስለሌለ ብቻ አይመስለንም፤ በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ጎንበስ ብሎ እግሩን ስላልቆጠረ ነው። የጀርመኑ ልጅ የአገሩን ባቡር ብሎን ሳይቀር የሚያውቀው አንድ ሰው ለክቶ በትንሹ ስለሠራለት ነው። የእኛም ሙዚየም እስኪሠራ፣ ሐዲዱ ይነሣ ወይ ይነቀል እስኪባል ድረስ፣ የሚለካው ነገር ግቢው ውስጥ አለ፤ የሚያስለኩት ሰዎችም በየበረንዳው አሉ። ሰዎቹ ግን 74 ናቸው። ቋንቋ የምታጠኑ ወገኖቻችን፣ የጋራዡ ሰዎች ፈረንሳይኛውን ወደ አማርኛና ኦሮምኛ እያጠፉ የሠሩት ቃል ደብተር የሚሞላ ነው፤ ማንም ሳይጽፈው ሊያልፍ ነው። ታሪክ የምታጠኑም የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን አትበሉ።

ለዕረፍት ወደዚያ የምትወርዱ ሁሉ፣ አሮጌ ባቡር የት ይታያል ብትሉ አሮጌው ለገሃር ሂዱ፤ አስፈቅዱና ጋራዡንም እዩ፤ ቢቻል ግራሶ ያዙ። የትንንሽ ባቡር ሱቅ አለ ወይ ብትሉም አለ፤ በደቻቱ ዳር ማዳበሪያ ላይ ነው፤ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ስለሚበረታ በጧት ነው የሚከፈተው።

ልንመለስ በተነሣንበት ጧት በዚያ አለፍን። ከባጃጆቹና ከአይሱዙዎቹ መካከል አንዲት ሁለተኛ ባቡር ቆማለች፤ ከሥሯ ቀጭን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቶላታል። ዋጋዋን ጠየቅን። የእኛን በገዛንበት እጥፍ ጠራብን።

«ለምን?» አልነው።

«ይቺ ፍሬን አላት» አለን።